«ፋክስ ቁጥራቸው ዌብሳይታቸው ላይ አለ እኮ!»

አሜሪካ ውስጥ ሆም ኬር (በሽተኛን ቤቱ ሄዶ የሚንከባከብ ድርጅት) ወይም ፋርማሲ የከፈቱ አንዳንድ ወገኖቻችን የሐኪም ቢሮዎችን ፋክስ ቁጥር ሰብስበው «ከእኛ ጋር ይሥሩ» የሚል ወረቀት በጅምላ ይልካሉ። የክስ ወረቀት ሲደርሳቸው እኔ ወደምሠራበት የጠበቃ ቢሮ ይመጣሉ። የሚነግሩን ሁሌም ያንኑ ነው።

«ቁጥራቸው ዌብሳይታቸው ላይ አለ፤ ፈቅደዋል ማለት ነው።»

ይቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሐኪሙ ቁጥሩን ያወጣው ሪፈራልና የላብራቶሪ ውጤት እንዲደርሰው ነው። በ1991 የወጣው የስልክ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ሕግ ደግሞ ማስታወቂያ በፋክስ ለመላክ የሚጠይቀው ግልጽ ፈቃድ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ግራ መጋባቱ የመጣው ከ2005ቱ ማሻሻያ ነው። ያለ ፈቃድ መላክ የሚቻልበት አንድ ቀዳዳ አለ፤ ግን ሦስት ነገር አንድ ላይ ይፈልጋል። ቀድሞ የሥራ ግንኙነት ሊኖራችሁ ይገባል። ቁጥሩን ራሳቸው የሰጧችሁ ወይም ወደው ይፋ ያደረጉት መሆን አለበት። የፋክሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ደግሞ «ከእንግዲህ አትላኩልኝ» የሚባልበት ነጻ መንገድ በጉልህ ይጻፋል። ሰዎቻችን መሃለኛዋን ብቻ ይዘው ይሮጣሉ።

አንዲት የሆም ኬር ባለቤት «ታካሚዎቻችን የጋራ ናቸው» ብላ ሞገተችን። ዝርዝሯ ሲታይ የአብዛኞቹን ቢሮዎች ስም እንኳ ሰምታ አታውቅም፤ ቁጥሮቹን ከየዌብሳይቱ አስለቅማ ነው። ከቀሩት ጋር በእርግጥ ትሠራለች። ፋክሱ ላይ ግን ያቺ የማቆሚያ መስመር የለችም። ለጠበቃው የቀረለት መደራደር ብቻ ነበር።

እባካችሁ መጀመሪያ ደውሉ። «መረጃ በፋክስ ብንልክ ፈቃዳችሁ ነው?» በሉ። የፈቀደውን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። ማስረጃውን ቢያንስ አራት ዓመት አትጣሉት፤ እስከዚያ ድረስ መከሰስ አለ። «አቁሙ» ያለ ቢሮ ካለ ዛሬውኑ ሰርዙት፤ 30 ቀን የመጨረሻው ጣሪያ ነው።

«አንድ ወረቀት ስንት ያስከፍላል?» በአንድ ፋክስ 500 ዶላር። አውቃችሁ ከሆነ ዳኛው እስከ 1,500 ሊያደርሰው ይችላል። ፋክሱ የደረሳቸው ሁሉ በአንድነት የሚካሱበት የጋራ ክስ ከሆነ ማባዛቱን ለእናንተ ትቻለሁ።

«የላከው ማርኬቲንግ ካምፓኒው ነው።» ደንቡ አገልግሎቱ የተዋወቀለትንም ላኪ ይለዋል።

«ነጻ ሴሚናር ማስታወቂያ አይደለም።» ቦይሪንገር ኢንገልሃይም የተባለው የመድኃኒት ካምፓኒ ሐኪሞችን ለነጻ የእራት ውይይት በፋክስ ጋብዞ ተከሷል። በ2017 ኒውዮርክ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ክሱ ይቀጥል አለ። ዳኞች ሁሉ በዚህ ባይስማሙም፣ እኔ ብሆን ኪሴን አላስይዝም።

«ኢሜይል ላይ የሚደርስ ፋክስ አይቆጠርም።» የመገናኛ ኮሚሽኑ ኤፍ ሲ ሲ በ2019 እንዲህ ብሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2025 ማኬሰን በተባለው የመድኃኒት አከፋፋይ ጉዳይ ላይ ዳኞች የኤፍ ሲ ሲን ትርጓሜ የመከተል ግዴታ የለባቸውም አለ። አንዱ ዳኛ ጋ ያለፈው ሌላው ጋ ሊያስቀጣ ይችላል። ለነገሩ ቢሮው ፋክሱን በማሽን ይቀበል በኢሜይል፣ እናንተ ከላኪው በኩል ሆናችሁ በምን ታውቃላችሁ?