የንድፍ ውሳኔ ምንድን ነው?

አንድ ወጣት፣ ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር የአባትንና የአያትን ስም ለምን ለይቶ እንደማይቀበል ቢጠይቅ፣ አንድ አስተያየት ሰጪ «የንድፍ ውሳኔ ነው፤ አለቀ» ብሎ አፉን አዘጋው። እንዲህ ሲባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር ትቻለሁ። ወንድሜ፣ እንዲጠየቅ የሚያደርገውማ ውሳኔ መሆኑ ነው! ስህተት ቢሆን አርሞ ማለፍ ነበር። ውሳኔ ግን ሌላ መንገድ እያለ፣ በምክንያት፣ የሆነ ነገር ተከፍሎበት የተመረጠ ነው፤ ምክንያቱ ዛሬም መኖሩን ካልጠየቅህ ምኑን አወቅኸው?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎኮቹ መሀል እንጀራ እንዲጋገርበት፣ በግ እንዲታረድበት ታስቦ የተሠራ የጋራ መገልገያ ቤት አለ። ያሰበው ሰው ሞኝ አልነበረም፤ ምጣድና ጭስ ይዞ ፎቅ የሚወጣ ቤተሰብ ታይቶታል። በእኛ ብሎክ ግን ሁሉም የኤሌክትሪክ ምጣዱን ወጥ ቤቱ አስገባና የመጋገሪያው ክፍል የተሰበረ በር ማከማቻ ሆነ። የማረጃው ግን ፋሲካ በመጣ ቁጥር ወረፋ አለው። አንዱ ምክንያት ሞቷል፣ ሌላው በሕይወት አለ።

ጃንጎም እንዲሁ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ካንሳስ፣ ሎረንስ ከተማ፣ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው፤ ለሕዝብ የተለቀቀው በ2005። የቴምፕሌት ቋንቋው፣ ማለትም የገጹ መልክ የሚጻፍበት፣ ጃንጎ ራሱ የተሠራበትን የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተንን እንደ ልብ አያስጽፍም፤ የገጹን መልክ የሚሠራው ሰው ፕሮግራመር ላይሆን ይችላል ተብሎ ነው። ብቻዬን ስሠራ ያናድደኛል፤ ከዲዛይነር ጋር ስሠራ አመሰግነዋለሁ።

ስሙስ? ጃንጎ ለስም ያዘጋጀው ሁለት ሳጥን ነው፤ አሜሪካዊው የራሱና የቤተሰቡ ስም ስላለው ይበቃዋል። እኛ ዘንድ አበበ ከበደ ሲመዘገብ «ውድ አቶ ከበደ» የሚለው ደብዳቤ ለአባቱ ይጻፋል።

ታዲያ ይፍረስ? ጎረቤቴ ሳሎኑን ለማስፋት ያመጣው ግንበኛ መጀመሪያ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ አንኳኳ። ብሎኬቱን ለማፍረስ እሺ አለ፤ ኮለኑን ግን በጭራሽ። የጃንጎ የተጠቃሚ ሞዴል፣ ማለትም ስለ ተጠቃሚው ምን ምን እንደሚመዘገብ የሚወስነው ኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው እትም 1.5 ወዲህ ብሎኬት ነው፤ በራስ ሞዴል ይተካል። ያለ ጣጣ የሚተካው ግን የመጀመሪያው ማይግሬሽን (በዳታቤዙ ውስጥ ሠንጠረዦቹን የሚፈጥረው እርምጃ) እስኪሠራ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ሠንጠረዦች ስለሚደገፉበት ኮለን ይሆናል። ለአንድ የቁጠባ ማኅበር የሠራሁትን ከሁለት ዓመት በኋላ ልቀይር ብዬ ሦስት ሌሊት አድሬበታለሁ፤ በመጨረሻም የአያትን ስም በሌላ ሠንጠረዥ አስቀምጬ ተውኩት።

እናም ወጣቱ ሥራውን ገና ካልጀመረ፣ ማይግሬሽኑን ከማስኬዱ በፊት የራሱን የተጠቃሚ ሞዴል ይጻፍ፤ ለጊዜው ከነባሩ የሚወርስ ባዶ ክላስ ቢሆንም ይበቃል። የአያት ስም ሲያስፈልገው ይጨምርበታል።