በዘረመል ቅብብል የሚሳተፉ የባክቴሪያ ገጽ ፕሮቲኖች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ

ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ሲያመቸው ግን የሽንት ቧንቧንና ደምን የሚያጠቃ ክብ ባክቴሪያ ነው። አንዳንዶቹ ፒሲኤፍ10 የተባለውንና ቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የመቋቋም ዘረመል ያለበትን ፕላዝሚድ (ከዋናው ዲኤንኤ የተለየ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ይይዛሉ። ፕላዝሚዱ የሌለው ጎረቤት ከ7 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፌሮሞን (የመልእክት ኬሚካል) ይለቃል፤ ባለ ፕላዝሚዱ ይህ መልእክት ሲደርሰው በገጹ ላይ አጣባቂ ፕሮቲን ያወጣና ፕላዝሚዱን ለማስተላለፍ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። ጋሪ ደኒና ባልደረቦቹ በ1978 እ.ኤ.አ. የገለጹት ይህ በፌሮሞን የሚነሳ መጣበቅ ያለ መሣሪያም ይታያል፤ እኩል ደፍርሶ የቆየው ማብቀያ ፈሳሽ እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠራል።

ፕሮቲኑ በገጹ ላይ የት የት እንዳለ ለማየት ግን የብርሃን ማይክሮስኮፕ አይበቃም። ባክቴሪያው ራሱ 1,000 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ ተራው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ባነሰ ርቀት የተቀራረቡ ነጥቦችን አይለይም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ፌሮሞን የደረሰው ሕዋስ ፀጉር መሰል ሽፋን ለብሶ ይገኛል። የፀጉሩን ማንነት ለማወቅ፣ ከአጣባቂው ፕሮቲን ጋር ብቻ የሚያያዝ ፀረ እንግዳ አካል ጥቃቅን የወርቅ እንክብሎችን እንዲሸከም ይደረጋል። ወርቅ ከባድ አቶም በመሆኑ ብዙ ኤሌክትሮኖችን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ስለዚህ በግራጫው ሕዋስ ላይ ደማቅ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የፒሲኤፍ10 ፕሮቲኖች በዚህ ዓይነት ዘዴ ገጽን በኤሌክትሮን ጨረር በሚቃኝ (ስካኒንግ) ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ተነሥተዋል።

በእኔ እምነት የሥራው ክብደት ያለው ፎቶውን ከማንሳቱ ይልቅ በዝግጅቱ ላይ ነው። ሕዋሱ ግሉታራልዴሃይድ በተባለ ኬሚካል ቅርጹ ተጠብቆ፣ ውሃው በአልኮል ተተክቶ፣ በመጨረሻም በካርቦን ዳይኦክሳይድ መድረቅ አለበት፤ በአየር ላይ እንዲሁ ከደረቀ ፀጉሩ ተጨማዶ ገጹ ላይ ይለጠፋል። ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የሚቀባው ብረት ከበዛም የወርቁን ነጥብ ይሸፍነዋል። ፌሮሞን ያልተሰጠው ሕዋስ በዚያው ሂደት አልፎ ጎን ለጎን ካልታየ ደግሞ፣ ነጥቦቹ በአጋጣሚ የተጣበቀ ወርቅ ይሁኑ ወይም እውነተኛ ምልክት ማንም ሊለይ አይችልም። ፀረ እንግዳ አካሉ ራሱ ርዝመት ስላለው፣ ነጥቡ ከፕሮቲኑ በጥቂት ናኖሜትሮች ሊርቅ እንደሚችልም ማስታወስ ይገባል።

ፕላዝሚዱ ሁለተኛ የገጽ ፕሮቲን አለው፤ ይህኛው ተመሳሳይ ፕላዝሚድ ከሌላ ሕዋስ እንዳይገባ ይከላከላል። የፕላዝሚዱ ዲኤንኤ የሚያልፈው ግን ከሁለቱ ፕሮቲኖች በአንዱም በኩል አይደለም፤ መተላለፊያው የሕዋሱን ሽፋን ሰንጥቆ የሚያልፍ ሌላ የፕሮቲን ስብስብ ነው፤ የገጽ ምስል ብቻውን አያሳየውም።