ፔኒ-ፋርዚንግ ምንድን ነው? (ትልቅ ጎማ ያለው ሁሉ አይደለም)

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ቪዲዮ እየተዘዋወረ ነው። ልጁ ከቁርጥራጭ ብረት የሠራው ሳይክል ነው፤ ከፊት ደረት የሚደርስ ጎማ፣ ከኋላ የሕፃን ሳይክል ጎማ። ብየዳው ንጹሕ ነው፣ እጁ ይባረክ። ግን ፔዳሉ ያለው መሃል ላይ ነው፤ ከዚያ ሰንሰለት ወደ ኋላዋ ትንሽ ጎማ ይሄዳል። ትልቁ ጎማ ዝም ብሎ ይከተላል። ከላይ የተጻፈው? «ፔኒ-ፋርዚንግ በቤት ውስጥ»። ሥሩ ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ «ትልቁ ጎማ እኮ ለዕይታ ነው፣ የድሮ ሰዎች ስላልገባቸው ነው እንጂ በትንሹም ይሠራ ነበር» ብሏል። ላይክ ጎርፎለታል።

አይ ወንድሜ። በደንብ ገብቷቸው ነበር።

ፔኒ-ፋርዚንግ ማለት የፊቱ ጎማ ትልቅ፣ የኋላው ትንሽ የሆነ፣ ፔዳሉ በቀጥታ ከፊተኛው ጎማ ዘንግ ጋር የታሰረ የድሮ ሳይክል ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል፣ አለቀ። ሰንሰለት የለም። ማርሹ ራሱ ጎማው ነው። ይህን ካልያዛችሁ ትልቁ ጎማ ጌጥ ይመስላችኋል።

አባትና ልጅ ገበያ ሲሄዱ አስቡ። አባትየው አንዴ ሲራመድ ልጁ ሦስቴ ኩስ ኩስ ይላል። ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ እርምጃው አጭር ነው። የጎማው ዙሪያ ማለት እርምጃው ነው። 26 ኢንች ጎማ ላይ ፔዳል በቀጥታ ብታስሩ በአንድ ዙር 2 ሜትር ከምናምን ነው የምትሄዱት፤ በደቂቃ 60 ጊዜ ብትረግጡ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በእግር ፈጠን ብሎ ከሚሄድ ሰው ብዙም አትበልጡም። 52 ኢንች ስታደርጉት በአንድ ዙር 4.15 ሜትር፤ በዚያው እርግጫ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ። እግራችሁ አልፈጠነም፣ እርምጃችሁ ረዘመ እንጂ። ዳገት ላይ ግን አባትየውም እርምጃውን ያሳጥራል አይደል? ትልቁ ጎማ ግን አያጥርም። እ.ኤ.አ. በ1884 ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል ሰው ባለ 50 ኢንች ይዞ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣ፤ በ1886 መጨረሻ ዮኮሃማ ሲደርስ ዓለምን ዞሮ ነበር፤ ዳገቱን ግን ብዙውን እየገፋ ነው የወጣው።

ታዲያ ለምን 80 ኢንች አላደረጉትም? እግር ስለማይደርስ ነዋ። አባትየውም ከቁመቱ በላይ መራመድ አይችልም። ጎማው የሚመረጠው በሰውየው የውስጥ እግር ርዝመት (ከብሽሽት እስከ ተረከዝ) ነበር፤ 85 ሴንቲ ለሆነ ሰው 52 ኢንች አካባቢ። (ከቁርጥራጭ ለምትሠሩ፦ የዛሬ ሳይክል የፔዳል ክንድ 17 ሴንቲ ገደማ ነው፣ የድሮዎቹ ያጥሩ ነበር። የረዘመውን እጥፍ ያህል ከጎማው ኢንች መቀነስ አለባችሁ፣ አለዚያ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጣታችሁ ብቻ ነው የሚነካው።)

ሰንሰለት የመጣው ይህን ግድግዳ ለማፍረስ ነው፤ ለልጁ የአባቱን እርምጃ ሰጠው። ሃንስ ሬኖልድ ማንቸስተር ውስጥ አስተማማኙን ሰንሰለት የሠራው በ1880 ነው፤ በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሮቨር የተባለውን ሳይክል ሰንሰለቱ የኋላ ጎማውን እንዲያዞር አድርጎ አወጣው፣ ትልቁ ጎማም በጥቂት ዓመት ውስጥ ከገበያ ወጣ። ዛሬ 26 ኢንች ጎማ ላይ ከፊት 44 ጥርስ ከኋላ 18 ጥርስ ስታደርጉ በቀጥታ ከሚረገጥ 64 ኢንች ጎማ ጋር እኩል ነው። እንግሊዝና አሜሪካ ያሉ ሳይክለኞች እስከ ዛሬ ማርሽን በኢንች የሚቆጥሩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱን አስገብቶ ትልቁን ጎማ እንዳለ ማቆየት ማለት መፍትሔውንም ችግሩንም አንድ ላይ መሸከም ነው። ያምራል፣ አልክድም። ፔኒ-ፋርዚንግ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ብረቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኩሽኔታው ላይ ነው። ተራ የፊት ጎማ ዘንጉ ቆሞ ጎማው በላዩ ይዞራል፣ ኩሽኔታው ጎማው ውስጥ ነው። እዚህ ግን ዘንጉና ጎማው አንድ ሆነው መዞር አለባቸው፤ ኩሽኔታዎቹ የሚቀመጡት ግራና ቀኝ በሹካው ጫፍ ላይ ነው። የአሮጌ ሳይክል የፔዳል ዘንግ ከነክንዱ ምናለሽ ተራ አይጠፋም። ወፈር ካለ ላሜራ ሁለት ክብ ቆርጣችሁ እሱ ላይ ትበይዳላችሁ፣ የጎማው ሽቦዎች እዚያ ይታሰራሉ። ስትበይዱ የመሬት መቆንጠጫውን እዚያው ብየዳው አጠገብ እሰሩት። ሹካው ላይ አስራችሁ ዘንጉን ከበየዳችሁ ከረንቱ በኩሽኔታው ኳሶች ውስጥ ያልፍና ይበላቸዋል፤ በማግስቱ ሲዞር እንደ ወፍጮ ይጮሃል።

ሽቦዎቹም ተንኮል አላቸው። ከመሃል ቀጥ ብለው ወደ ቸርኬው ከሄዱ፣ ፔዳሉን ስትረግጡ መሃሉ ይጠመዘዛል፣ ቸርኬው ወደ ኋላ ይቀራል። ጄምስ ስታርሊ (የሮቨሩ ሰውዬ አጎት) በ1874 ሽቦዎቹን ወደ ጎን አዘንብሎ ያሰራቸው ለዚህ ነው። በፌሮ የምትሠሩ ሰዎች ቀጥ አድርጋችሁም ያስኬዳችኋል፣ ፌሮ በቀላሉ አይጎብጥምና፣ ክብደቱን ግን ዳገት ላይ ታዩታላችሁ። ለቸርኬው ባለ 6 ሜትሩ ቱቦ አንዱ ይበቃል፤ 52 ኢንች የሚፈልገው 4.15 ሜትር ነው። ስታስጠቀልሉ ሁለቱ ጫፎች ቀጥ ብለው ይቀራሉ፣ እነሱ ይቆረጣሉ።

«ፍሪዊል ብታስገቡበት እግር ያርፋል» የሚለውንም አይቻለሁ (ፍሪዊል ማለት ፔዳሉ ቆሞ ጎማው እንዲዞር የሚያደርገው ነው)። ያርፋል፣ ግን ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል። እዚህ ሳይክል ላይ ዋናው ፍሬን እግር ነው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ እየተጫናችሁ ነው የምታቀዘቅዙት። የምትቀመጡት ልክ ከፊተኛው ዘንግ በላይ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የፊቱን ጎማ በእጅ ፍሬን ድንገት ከያዛችሁት ሳይክሉ ከነኋላው ይነሣና በአፍጢማችሁ ይደፋችኋል፣ እጃችሁ መሪው ላይ፣ እግራችሁ ከመሪው ሥር ተቀርቅሮ። የድሮዎቹ ቁልቁለት ላይ እግራቸውን ከመሪው በላይ አሳልፈው ይወርዱ የነበረው፣ ከተጣሉ በእግራቸው እንዲያርፉ ነው እንጂ ለቀልድ አልነበረም።

ሌላው ደግሞ፣ እግር እንደ ፍሬን ሲያገለግል ክንዱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይገፋል። በዳዶ ብቻ የተጠበቀ አሮጌ ክንድ እያደር ይላላል፤ በየጊዜው አጥብቁት። ከኋላ ጎማው በላይ ጀርባው ብረት ላይ የምትረግጡባት ትንሽ መወጣጫ መበየድም አትርሱ፣ ያለሷ መውጣቱም መውረዱም የለም። ቱቦው ጋልቫናይዝድ ከሆነ ደግሞ የምትበይዱበትን ቦታ በግራይንደር ልጣችሁ ደጅ ላይ በይዱ፤ የዚንኩ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ወተት መጠጣት ያድነዋል የሚባለውም ወሬ ነው።