«ጥብቅ አርገህ ዝጋው!» እና ስለሚንጠባጠብ ቧንቧ የምንሰማቸው ሌሎች ስህተቶች

ባሕር ዳር ሽምብጥ ተከራይቼ የገባሁ ሰሞን የግቢው ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር። ቀን ቀን ባጃጁና ልጆቹ ስለሚጮሁ አይሰማም። ሌሊት ግን ጠብ... ጠብ...። አከራዬ ጠዋት ከበር ላይ ሆነው «አንተ ልጅ፣ ጥብቅ አርገህ ዝጋው እንጂ!» ይሉኛል። «እሺ እትዬ» እልና እጀታውን ባለ በሌለ ኃይሌ እጠመዝዘዋለሁ። ሁለት ቀን ዝም ይላል። በሦስተኛው ቀን ብሶበት ይመጣል።

«የሚንጠባጠበው በደንብ ስላልተዘጋ ነው»

ከስህተቶቹ ሁሉ ብዙ ቧንቧ የገደለው ይሄ ነው።

እጀታው እየተጠመዘዘ በሚዘጋ ቧንቧ ውስጥ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ፣ ሳንቲም የምታክል ክብ ጎማ አለች። ስንዘጋ ዘንጉ ይወርድና ጎማዋን ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ አፍ ላይ ይጫናታል። ውሃውን የምታቆመው እሷ ናት። የኛ ጉልበት አይደለም። ጎማዋ ስታረጅ ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች። ያኔ አጥብቀን ስንጫናት የቀዳዳው ጠርዝ ይበላታል።

የኔን ፈትቼ ሳያት ፊቷ ላይ በምላጭ የተሰመረ የሚመስል ክብ ቦይ ነበር። በአንድ ጎኗ ተቆርሳለች። ውሃው በዚያች ቁራሽ በኩል ነበር የሚሾልከው። ማን ቆረሳት? እኔው፣ በ«እሺ እትዬ»።

ቅያሪው ከባድ አይደለም። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዝጉ። ሮቶ ካላችሁ የሱንም መውጫ ዝጉ፤ ይሄን የረሳ ሰው ሸሚዙን ያጥባል። ቧንቧውን ከፍታችሁ የቀረውን ውሃ አፍስሱ። የእቃ ማጠቢያ ላይ ከሆነ ቀዳዳውን በጨርቅ ድፈኑ፣ ትንሿ ብሎን እዚያ ከገባች አትገኝም። እጀታውን አውጥታችሁ ዘንጉን በመፍቻ ፍቱ። ጎማዋን በኪሳችሁ ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ፤ «የግማሽ ኢንች ነው መሰለኝ» ከማለት እሷን ማሳየት ይሻላል። ስትመልሱ ደግሞ ዘንጉን ወደ መክፈቻው አዙራችሁ ጎማዋን ከፍ አድርጉና እሰሩት። አለዚያ አዲሷ ጎማ ገና ሳትሠራ ትጨፈለቃለች።

«ጣናን የሚያህል ውሃ አጠገብ ተቀምጠን ስለ ጠብታ?»

ይሄን የሚለው ጎረቤቴ ነው፣ ቡና እየጠጣን። ነገሩ ያስቃል፤ ግን የባሕር ዳር የቧንቧ ውሃ ከጣና አይቀዳም። ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ወጥቶ፣ ክሎሪን ገብቶበት፣ በፓምፕ ተገፍቶ ነው የሚደርሰን። ጣና ቢሞላም የኛ ሰፈር ውሃ ሊጠፋ የሚችለው ለዚህ ነው።

ጠብታዋም የምትናቅ አይደለችም። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከቧንቧዬ ሥር አስቀምጬ ሰዓት ያዝኩ። በሁለት ሰዓት ሞላ። በቀን 6 ሊትር፣ በወር 180 ሊትር ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘጠኝ! ውሃ በጠፋበት ሳምንት ጀሪካን የተሸከመ ሰው ዘጠኝ ምን እንደሆነ ያውቃል።

«ቆጣሪ ጠብታ አይቆጥርም»

ግማሽ እውነት አለበት። ያረጀ ቆጣሪ በጣም ቀጭን ፍሰት ሊያመልጠው ይችላል። ግን ጠብታ ጠብታ ሆኖ አይቀርም፤ ወደ ክር ይወፍራል፣ ያኔ ይቆጠራል። ለማየት ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝጉና የቆጣሪውን ትንሿን መዘውር አፍጥጣችሁ እዩ። ከዞረች የሆነ ቦታ ይፈሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሽንት ቤት ታንከር ሆኖ ይገኛል።

«ሌሊት ብቻ ስለሆነ ራሱ ይተወዋል»

አይተወውም። ሌሊት ሰው ውሃ ስለማይጠቀም በመስመሩ ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፤ የላላችውን ጎማ አልፎ ይወጣል። እኔ ለጊዜው ከቧንቧው አፍ ላይ ክር አስሬ ውሃው በክሩ እየወረደ ድምፁ ጠፍቶልኛል። እንቅልፍ ይሰጣል እንጂ ጥገና አይደለም።

«ቴፍሎን ጠቅልልበት»

ቴፍሎን፣ ያ ነጭ ስስ ጥቅል፣ ቦታው ቧንቧው ተጠምዝዞ የሚገባበት ጥርስ ላይ ነው። ቧንቧው ከግድግዳው ጋር በሚገጥምበት በኩል ከሾለከ ጥሩ፣ ይጠቀለላል። ከአፉ የሚንጠባጠበውን ግን ቴፍሎን አይደርስበትም። እጀታው ሥር ሲከፈት ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ደግሞ ዘንጉን የያዘችውን ነት ትንሽ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

«ከብስክሌት ጎማ ቆርጠህ ግጠምለት»

የብስክሌት ከተማ ነንና አሮጌ የውስጥ ጎማ የማይገኝበት ግቢ የለም። እኔም በመቀስ ቆርጬ ሞክሬዋለሁ። አልዋሽም፣ ሠርቷል። ግን ስስና ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ተጨማደደና ነገሩ እንደገና ጀመረ። ሱቅ ለተዘጋበት እሑድ ይሁንላችሁ።

«ጎማ ተቀይሮም ካልተወው ቧንቧው ሞቷል»

ከመጣላችሁ በፊት ጣታችሁን አስገብታችሁ ጎማዋ የምታርፍበትን መቀመጫ ዳሱት። ከሻከረ ወይም ከተሸረፈ አዲስ ጎማም አትይዝም። ባለሙያ መቀመጫውን አስተካክሎ ሊሞርደው ይችላል። በጣም ከተበላ ግን ያኔ በእውነት አዲስ ግዙ።

በሩብ ዙር የሚከፈቱት ዘመናዊዎቹ ደግሞ ይህቺ ጎማ የለቻቸውም። ውስጣቸው ሁለት የሴራሚክ ዲስኮች ናቸው፣ ሲበላሹ ዲስኮቹን የያዘው ሙሉ ልባቸው ይቀየራል። ጠላታቸው አሸዋ ነው። ስለዚህ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የግቢውን አሮጌ ቧንቧ ክፈቱና ቡኒው ውሃ በባልዲ ይውጣ፤ ለአበባ ይሆናል። የወጥ ቤቱን የምትከፍቱት ሲጠራ ነው።