ለጥንታዊ ሾትገን ቱቦ የሚሆን ቦር ጌጅ አመራረጥ

ቦር ጌጅ የቱቦን የውስጥ ዲያሜትር የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ሾትገን ደግሞ ብዙ ትናንሽ እንክብሎችን በአንዴ የሚተኩስ ጠመንጃ ነው። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ንባቡ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ነው፤ ለአሮጌ ሾትገን ግን ቀድሞ መታየት ያለበት ዘንጉ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ ነው። በብሪታንያ የጥንካሬ ፍተሻ (ቱቦው ተኩሱን መቻሉ ተረጋግጦ ምልክት በሚመታበት) የቱቦው ስፋት የሚወሰደው ከኋላው ጫፍ 9 ኢንች (229 ሚሊ ሜትር ገደማ) ላይ ነው። ለሞተር ሲሊንደር የተሠራ ተራ ዳያል (ባለ መርፌ) ቦር ጌጅ ዘንጉ 150 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ እዚያ አይደርስም፤ ማራዘሚያ ይፈልጋል። ካሊፐርማ የሚደርሰው አፈሙዙ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ቱቦው በቾክ (አፈሙዙ ላይ ሆን ተብሎ በሚሠራ ጥበት) ስለሚያንስ፣ የሚገኘው ቁጥር የቱቦው ስፋት አይደለም።

የሾትገን ቁጥር ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት እኩል ድቡልቡል ጥይት እንደሚወጣ ያመለክታል። ባለ 12 ቁጥር 0.729 ኢንች (18.5 ሚሊ ሜትር)፣ ባለ 16 ደግሞ 16.8፣ ባለ 20 ደግሞ 15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከ18 እስከ 35 ሚሊ ሜትር የሚለካው የተለመደው ስብስብ ለባለ 12 ይበቃል፤ ለሌሎቹ ሁለቱ ከ10 እስከ 18 የሚለካው ያስፈልጋል። ለባለ 12ም ቢሆን ችግር አለ፦ ሙሉ ቾክ ከቱቦው 0.040 ኢንች ገደማ ስለሚጠብ ወደ 17.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ የ18ቱም ራስ አያልፍበትም። ጥይት የሚጎርሰው ክፍል ደግሞ 20.3 ያህል ነው። ሦስቱን ቦታ በአንድ ጫፍ ለመለካት መሞከር ዋጋ የለውም፤ ጫፉ ሲቀየር ዜሮው (የመነሻ ንባቡ) እንደገና ይስተካከላል።

ከ1954 (እ.ኤ.አ.) በፊት ቱቦ ላይ ይመቱ በነበሩ የብሪታንያ የፍተሻ ምልክቶች 12 ማለት ከ0.729 ኢንች ጀምሮ፣ 13/1 ማለት ከ0.719 ጀምሮ፣ 12/1 ማለት ከ0.740 ጀምሮ ነው። 13/1 የተመታበት ቱቦ ዛሬ 0.729 ካነበበ፣ ከፍተሻው በኋላ ውስጡ ተፍቋል፤ ፍተሻውም አይጸናለትም። ልዩነቱ በመቶኛ ኢንች ስለሚቆጠር 0.01 ሚሊ ሜትር የሚያነብ ጌጅ ከበቂ በላይ ነው። በእጅ በተሞረደ የደማስቆ ብረት (ተጠምዝዘው በተበየዱ የብረት ዘንጎች በተሠራ ቱቦ) ውስጥ ለሺኛ ሚሊ ሜትር መክፈል ብክነት ነው።

ባለ ሁለት ነጥብ ጌጅ (ግድግዳውን በሁለት በኩል የሚነካው) በ90 ዲግሪ ሲዞር ሞላላነትን ያሳያል። ባለ ሦስት ነጥቡ ራሱን መሃል ያስገባል፣ ለእጅ ይመቻል፤ ተራ ሞላላነትን ግን ይደብቃል። ለአሮጌ ቱቦ የመጀመሪያው ይሻላል። ሹል ጫፍ ያለውን ግን አይምረጡ፤ ዝገት በበላው ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ቱቦው የሰፋ ያስመስላል።

ከመለካት በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ፣ ቱቦው ይነቀል፣ ውስጡ የተጣበቀው እርሳስ በብሩሽ ይጽዳ፤ ቆሻሻ ንባቡን ያሳንሳል። ለባለ 12 ዜሮው በ18.5 ሚሊ ሜትር ማስተካከያ ቀለበት (የውስጥ ስፋቱ በትክክል በታወቀ) ይያዝ። ከዚያ ጌጁ ከኋላ ገብቶ ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች በቀስታ ይወዛወዝ፤ ትክክለኛው ንባብ መርፌው ወደ ኋላ የሚመለስበት ትንሹ ቁጥር ነው። በየ25 ሚሊ ሜትሩ ሁለት ንባብ ይጻፍ። ቁጥሩ በድንገት ካነሰ ቱቦው ተጨርምቷል፣ በድንገት ከበዛ አብጧል። በመጨረሻ ጌጁ ወደ ቀለበቱ ይመለስ፤ ዜሮው ከተነቃነቀ ልኬቱ ሁሉ ይደገማል።

ቦር ጌጅ ስለ ግድግዳው ውፍረት ምንም አይናገርም። ከውጭ ተሞርዶ የሳሳ ቱቦ ከውስጥ ፍጹም ልክ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የውፍረት መለኪያ ለብቻው ያስፈልጋል፤ በስፋት የሚጠቀሰው ዝቅተኛ ልክ 0.020 ኢንች ነው። መሃሉ የተዛነፈ ቱቦ አንዱ ጎኑ ወፍራም ሆኖ ሌላው ቀጭን ስለሚሆን፣ ዙሪያውን በሙሉ መለካት ግድ ነው።