አንጀት ሲቆጣ ቆዳና መገጣጠሚያ ለምን ይታመማሉ? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ክሮንስና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባሉት የአንጀት ሕመሞች የሚነሱት የሰውነት የመከላከያ ኃይል አንጀት ውስጥ ያለ ልክ ሲቆጣ ነው። ቁጣው ግን አንጀት ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ቆዳ፣ መገጣጠሚያና ዓይን ላይም ይወጣል። ከእነዚህ መካከል የአንጀቱን ሁኔታ እየተከተለ የሚሄድ አለ፤ በራሱ መንገድ የሚሄድም አለ። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ሁለቱን ካለመለየት ነው።

«ጉልበቴና አንጀቴ ምን አገናኛቸው?»

መገጣጠሚያው ከአንጀቱ ቀድሞ ሊታመም ይችላል፤ አንዳንዴም በዓመታት። ለቁርጥማት ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ለሳምንታት የዘለቀ ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ካለው ባይጠየቅም ይናገር። «የደም ምርመራዬ ነጻ ነው» ማለትም አያዋጣም። የመገጣጠሚያ ቁርጥማትን ለመለየት ደም ውስጥ የሚፈለገው ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ምልክት በዚህ ዓይነቱ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

«አንጀት ሲድን መገጣጠሚያውም ይድናል»

ግማሹ እውነት ነው። እንደ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያሉ ትልልቅ መገጣጠሚያዎች ድንገት ካበጡና ቁጥራቸው ከ5 ካነሰ፣ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ አንጀቱ ሲያገረሽ መጥቶ ከ10 ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይሄዳል። የጣት መገጣጠሚያን የመሰሉ ትንንሾቹ 5 እና ከዚያ በላይ ሆነው ሲያዙ ግን አንጀቱ ጸጥ ካለም በኋላ ለወራት፣ ለዓመታትም ሊቆይ ይችላል። የጀርባው ደግሞ ከነጭራሹ አንጀቱን አይሰማም፤ ትልቁ አንጀት በቀዶ ሕክምና ወጥቶ እንኳ ሊቀጥል ይችላል።

የጀርባውን ብግነት ከተራ የወገብ ሕመም የሚለየው ጠዋት ነው። ተራው ሲያርፉ ይሻለዋል። ይኼኛው ወደ ንጋት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ሲነሱ ጎንበስ ብሎ ካልሲ ማጥለቅ ያቅታል፤ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ወዲያ ወዲህ ካሉ በኋላ ነው የሚፍታታው። «ወገቤን ያመኛል» ከማለት ይልቅ «ጠዋት ጠዋት ለ45 ደቂቃ ይደርቃል» ማለት ሐኪሙን ብዙ ያግዘዋል።

«እግር ላይ የወጣ ሁሉ እባጭ ነው፤ ማፍረጥ ነው»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው።

ቅልጥም ላይ ከ1 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሲነኩት የሚያም ጠጣር እብጠት ኤሪቴማ ኖዶሰም የሚባል የቆዳ ሥር ቁጣ ሊሆን ይችላል። መግል አይቋጥርም፤ እንደ በለዘ ቆዳ ቀለሙን እየቀያየረ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይጎላ በዓይን ከማየት ይልቅ በእጅ መዳሰስ ይሻላል። የሳንባ ነቀርሳም ይህንኑ ስለሚያስከትል፣ ስቴሮይድ (ቁጣን የሚያበርድ፣ የመከላከያ ኃይልንም የሚያዳክም መድኃኒት) ከመጀመሩ በፊት ነቀርሳው መኖር አለመኖሩ መጣራት አለበት።

ፓዮደርማ ጋንግሬኖሰም የሚባለው የቆዳ ቁስል ደግሞ ሌላ ነው። ትንሽ ብጉር መስሎ ይጀምርና በቀናት ውስጥ ይቦረቦራል። ዳሩ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ከሥሩም ባዶ ስለሆነ መመርመሪያ ዘንግ ቆዳው ሥር ሾልኮ ይገባል። ሕመሙ ከቁስሉ መጠን ጋር አይመጣጠንም። መነሻው ተሕዋስ ስላልሆነ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድነውም፤ መቁረጥና መፋቅ ደግሞ ያሰፋዋል። የተጎዳ ቆዳ አዲስ ቁጣ ይጠራልና። የሚሻለው በጨው ውሃ (ኖርማል ሳላይን) በቀስታ አጥቦ በማይጣበቅ ጨርቅ መሸፈንና ቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ሕክምናው ስቴሮይድን፣ ሳይክሎስፖሪንን ወይም ኢንፍሊክሲማብን የመሰሉ ቁጣውን የሚያበርዱ መድኃኒቶች ናቸው።

«አይቡፕሮፌን ምን ችግር አለው?»

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ የአንጀቱን ሕመም ያስነሳሉ። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ይቀድማል።

«አንዱ መርፌ ለሁሉም ይሆናል»

አይሆንም። ቬዶሊዙማብ የሚባለው መርፌ በዋናነት አንጀት ላይ ስለሚሠራ ለመገጣጠሚያ እምብዛም አይተማመኑበትም። ኢታነርሴፕት በተቃራኒው ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል፤ ክሮንስን ግን አያክምም። ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ለሁለቱም ይውላሉ፤ ከመጀመራቸው በፊት ግን የሳንባ ነቀርሳና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ግድ ነው። እነዚሁ መድኃኒቶች አንዳንዴ ራሳቸው ሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያቆጣና የሚያስቀርፍ ሕመም) የሚመስል ሽፍታ ያወጣሉ። ሽፍታ የወጣበት ሰው መድኃኒቱን በራሱ አያቁም፤ ሐኪሙን ያሳይ።

«ዓይኔ የቀላው በአቧራ ነው»

ሊሆን ይችላል። ቅላቱ ከሕመም፣ ብርሃን ካለመቻል ወይም ከእይታ መደብዘዝ ጋር ከመጣ ግን በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ ዩቪያይትስ የሚባለው የዓይን ውስጥ ቁጣ ካልታከመ እይታን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።