«ናቲንግ ኢን ኮመን»፦ ስለ ማስታወቂያ ሰዎቹ ፊልም በተለምዶ የሚባለውና እውነታው

ጋሪ ማርሻል ያዘጋጀው «ናቲንግ ኢን ኮመን» እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1986 ሲኒማ ቤት ሲገባ፣ ቶም ሃንክስ ሠላሳ ዓመቱን ከደፈነ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። ታሪኩ ቺካጎ ላይ ነው። ዴቪድ ባስነር (ሃንክስ) የተባለ ቀልደኛና ቅብጥብጥ የማስታወቂያ ባለሙያ ሹመት ባገኘ ሰሞን፣ እናቱ ሎሬይን ከሠላሳ ዓመት በላይ አብራው የኖረችውን ባሏን ማክስን ጥላው ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ልጁ በአባቱም በእናቱም ስልክ እረፍት ያጣል። ፊልሙን ያላዩት ወይም እኩሌታው ላይ ያቆሙት ሰዎች የሚያወሩለት ነገር ግን ከፊልሙ ጋር ብዙም አይገጥምም።

«የቶም ሃንክስ ቀላል ኮሜዲ ነው»

እንዲህ የሚል ሰው መጀመሪያውን ብቻ አይቷል። እርግጥ ነው፣ ማርሻል ስሙን የተከለው በቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው፤ የፊልሙ አጀማመርም ቢሮ ውስጥ በሚወራወሩ ቀልዶች የተሞላ ነው። ነገሩ የሚዞረው ዴቪድ አባቱን የሚወደውን ጃዝ ሊያሰማው የወሰደው ምሽት ነው። እዚያ የአባቱን እግር ያያል። ማክስ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ለማንም ሳይናገር ቆይቶ እግሩ ጋንግሪን (የሥጋ መሞት) ይዞታል። ከዚያ በኋላ የሚቀለድ ቀልድ ሁሉ ሌላ ክብደት አለው። በጊዜው ፊልሙ ሁለት ቦታ ተከፍሏል ብለው የነቀፉት ነበሩ፤ ነቀፋው ከንቱ አይደለም። በእኔ ግምት ግን ጥፋቱ ከሳቅ ወደ ሐዘን መሻገሩ ላይ አይደለም፤ ከዴቪድ ደንበኛ፣ ከአንድ የአየር መንገድ ባለቤት፣ ልጅ ከሼሪል አን ጋር የተያያዘው የፍቅር ታሪክ ቦታ ማጣበቡ ላይ ነው። ያ ክፍል በግማሽ ቢያጥር ማንም አይከፋውም ነበር።

«ማስታወቂያው ጌጥ ነው፤ ዴቪድ ጠበቃ ቢሆንም ታሪኩ ያው ነው»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። የፊልሙ ስም «የሚያገናኘን ነገር የለም» እንደማለት ስለሆነ፣ ተመልካች አባትና ልጅን እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ አድርጎ ይወስዳቸዋል። ሥራቸውን እንይ። ማክስ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሻጭ ነበር፤ ፊልሙ ውስጥ ከሥራው የተሰናበተ፣ ገበያው የተለወጠበት ሽማግሌ ሆኖ ነው የምናየው። ዴቪድ ደግሞ ምስልና ዜማ ይሸጣል። ሁለቱም በምላሳቸው ያደሩ ናቸው፤ ሁለቱም የማያውቁትን ሰው በአምስት ደቂቃ ያስቃሉ፤ ሁለቱም ሴት ላይ ልባቸው አይረጋም። ቤታቸው ሲገቡ ግን አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው አትወጣም።

ይህ ሁሉ የሚፈነዳው ዴቪድ በእናቱና በአባቱ መካከል የነበረውን የትዳር ብርድ፣ የአባቱንም ማመንዘር ከሰማ በኋላ ነው። አባቱ ፊት ቆሞ ይጮህበታል። ነገ ስለሚዋደድና ስለሚተሳሰብ ቤተሰብ ማስታወቂያ እንደሚቀርጽ፣ ይህን የሚያደርገውም እያስመሰለ መሆኑን ይነግረዋል። ይህ ንግግር ከጠበቃ አፍ ሊወጣ አይችልም። የተዋደደ ቤተሰብ ምስል እየሸጠ የሚኖር ሰው፣ የዕቃው መጋዘን ባዶ መሆኑን የሚያምንበት ሰዓት ነው።

«ጃኪ ግሊሰን ለማሳቅ ነው የገባው»

ማክስን የሚጫወተውን ግሊሰንን አሜሪካውያን የሚያውቁት «ዘ ሃኒሙነርስ» ላይ እንደ ጯሂው የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ስህተቱ ይገባኛል። ይሁንና ሰውየው ከኮሜዲ ውጭ የተፈተነው ዛሬ አይደለም። በ1961 «ዘ ሃስትለር» ላይ የፑል ጌታ ሆኖ ተጫውቶ ለኦስካር ታጭቷል። ማክስን የሚጫወተውም ሳይለሳለስ ነው። ማክስ ጧሪ የሚያስፈልገው ሽማግሌ ነው፤ ግን የተመልካችን እንባ አይለምንም፣ ልጁ ሲጠጋው ይቆጣል፣ ይሳደባል። ግሊሰን ራሱ በዚያ ጊዜ ደህና አልነበረም። ፊልሙ ከወጣ ዓመት ሳይሞላ በሰኔ 1987 በካንሰር ሞተ፤ የመጨረሻ ፊልሙ ይኸው ሆነ።

«የማስታወቂያ ታሪክ ከሆነ ኒው ዮርክ ነው»

አይደለም። የኒው ዮርኩ የማስታወቂያ ድርጅቶች መንገድ ማዲሰን አቬኑ ስሙ ገነነ እንጂ ቺካጎም የዚህ ሥራ ትልቅ ከተማ ናት። ሊዮ በርኔት ድርጅቱን በ1935 የከፈተው እዚያ ነው፤ የማርልቦሮ ሲጋራው ካውቦይም ከዚያው ቤት ወጣ። ማርሻልም ጋዜጠኝነት የተማረው ቺካጎ አጠገብ ባለው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ስለነበር ከተማዋ እንግዳ አትሆንበትም።

«ሃንክስ ከቀልድ የወጣው ኦስካር ባገኘባቸው ፊልሞች ነው»

ኦስካሮቹ የመጡት ለ1993ና ለ1994 ፊልሞቹ ነው። ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ግን ከግሊሰን ፊት ቆሞ አልተዋጠም። የማስታወቂያ ቢሮም አዲሱ አልነበረም፤ ከ1980 እስከ 1982 በተላለፈው የቴሌቪዥን ኮሜዲ «ቦዞም ባዲስ» ላይም የማስታወቂያ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። የዴቪድን እናት ሚና የያዘችው ኢቫ ማሪ ሴይንትም ብትሆን በ1959 በሂችኮክ ፊልም ላይ ከማስታወቂያ ሰው ጋር ተጫውታለች፤ ያኔ ሰውየው ኬሪ ግራንት ነበር።

«መጨረሻ ላይ ሥራን እርግፍ አድርጎ ቤተሰብን ይመርጣል»

በከፊል ብቻ። የአየር መንገዱ ባለቤት ውልሪጅ፣ ማክስ ቀዶ ሕክምና በሚገባበት ቀን ዴቪድ ከእርሱ ጋር ወደ ኒው ዮርክ እንዲሄድ ይጫነዋል፤ ዴቪድ እምቢ ይላል። ነገር ግን የማስታወቂያን ሙያ የሚረግም ንግግር አያደርግም። አለቃው ቻርሊም ሂድ፣ ከአባትህ ጋር ሁን ብሎ ይሸኘዋል። ቻርሊ የሆነው ሄክተር ኤሊዞንዶ ማርሻል በሠራቸው ፊልሞች ሁሉ ላይ ያለ ተዋናይ ነው፤ እዚህ ክፉ አለቃ አለመሆኑ ለፊልሙ ጠቅሞታል። አባትና ልጅም ተቃቅፈው ሁሉን ይቅር አይባባሉም፤ የሚደርሱበት ስምምነት ከዚያ ያነሰና የበለጠ የሚታመን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚሁ ስም በ1987 የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ ያስተላለፈው ተከታታይ ኮሜዲ አለ፤ ተዋንያኑ ሌሎች ናቸው፣ ብዙም ሳይቆይ ተቋርጧል። ፊልሙን የሚፈልግ ሰው ሃንክስና ግሊሰን በአንድ ላይ መጠቀሳቸውን ያረጋግጥ።